ከሰማንያ እሑድ በላይ ሾርባ ያቀረቡት የአቶ አስፋው ታከለ የሕይወት ታሪክ

አቶ አስፋው ታከለ ከአባታቸው ከአቶ ታከለ ወልደ ሰንበት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰገደች ቸርነት ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር የሽንኩርት ማሳ አጠገብ ተወለዱ። በቀብር ላይ ሟች ሁሉ ትሑትና ዝምተኛ ተደርጎ ይነበባል። እኔ ታናሽ እህታቸው ትዕግሥት ግን እዚህ የቆመው ሰው ሁሉ ስለሚያውቃቸው አልዋሽም፤ ወንድሜ ምግብ ቀርቦላቸው ዝም ብለው አያውቁም።

እስከ አሥረኛ ክፍል እዚሁ ከተማ ከተማሩ በኋላ በ1976 ዓ.ም. የአውቶቡስ ረዳት፣ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ሾፌር ሆኑ። በአዲስ አበባ–ደሴ መስመር ሠላሳ ዓመት ሲነዱ ከአንድም መኪና ጋር አልተጋጩም፤ ከምግብ ቤቶች ጋር ግን የማይጋጩበት ቀን አልነበረም። መንገደኛ ይዞ የሚመጣ ሾፌር ምሳውን በነፃ እንደሚበላ የታወቀ ነው። አቶ አስፋው ያንኑ የነፃውን ወጥ «ጨው ያንሰዋል»፣ «ሽንኩርቱ አልበሰለም» እያሉ ይመልሱ ነበር። አጣዬ ላይ ምግብ ቤት የነበራቸው እትዬ ሐጂራ የአውቶቡሱን ጡሩምባ ሲሰሙ ወደ ጓዳ ዞረው «መጣላችሁ! ቅመሱት ቶሎ!» ይሉ እንደነበር ራሳቸው አጫውተውናል።

በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ ብርሃኔ ጌታነህ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሊያንና ፍፁምን ወልደዋል። ወ/ሮ ብርሃኔ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላቸው። አቶ አስፋው የሚስታቸውንም ወጥ አልማሩም። በ2014 ዓ.ም. ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ሲያቆሙ ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጠው አስተያየት መስጠት ጀመሩ። ወ/ሮ ብርሃኔ አንድ ዓመት ታገሡ። ከዚያ በኋላ ግን በተስተናጋጅ ፊት «ሂድና ተማር! ሼፍ ስትሆን ያኔ ትናገረኛለህ!» አሏቸው። እሳቸውም ነገሩን ከልባቸው ያዙት።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ ማሠልጠኛ የምግብ ዝግጅት ተማሪ ሆኑ። ቁመታቸው ረጅም ስለነበር ነጩ የሼፍ ቆብ በየበሩ መቃን ላይ እየቀረ አስቸገራቸው። ከልጃቸው ከሊያ የምታንስ መምህርታቸው የከተፉትን ካሮት አይታ «ጋሼ አስፋው፣ ይሄ እኮ ማገዶ ነው» ባለቻቸው ቀን አንድ ዘንቢል ካሮት ገዝተው ቤት ገቡ። እስኪመሽ ድረስም ሲከትፉ ቆዩ።

የመጨረሻው ፈተና በመጋቢት ወር ነበር። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ መግባታቸውን ታስታውሳላችሁ። ፈተናው የአትክልት ሾርባ ሆኖ የሚሠራው ጠዋት ነው። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙስሊሙ እስከ መግሪብ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ዐሥራ ስድስት ሠልጣኝ ዐሥራ ስድስት ድስት ይዞ የሚቀምስለት ሰው አጣ። በመጨረሻ ናጅዋ ሱሌይማን ትዝ አለቻቸው። ናጅዋ አብራቸው የምትማር የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች በዚያ ረመዳን አልጾመችም። ሁሉም ማንኪያውን ይዞ ተሰለፈላት። እሷም አንድ በአንድ እየቀመሰች «ወላሂ ጥሩ ነው ጋሼ፣ ሎሚ ብቻ ይቀረዋል» አለች። ሲጨምሩላት «ትንሽ አሁንም» አለች። ነፍሰ ጡር ጎምዛዛ እንደሚያምራት የሁለት ልጆች አባት የሆኑት ወንድሜ እንኳ አላሰቡም። በዚያ ጠዋት ከጉልት ሎሚ ጠፋ።

ፈታኞቹም አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም፣ ሁለቱም ጾመኞች ነበሩ። ቀለሙን አዩ፣ የአከታተፉን ልክ ተመለከቱ፣ የጠረጴዛውን ንጽሕና መዘገቡ፤ ሠልጣኙ በሙሉ አለፈ። አቶ አስፋው ሾርባቸውን በፔርሙዝ ይዘው ወደ ቤት በረሩ። ወ/ሮ ብርሃኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ማንኪያ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማንኪያውንም አስቀምጠው «ሳይቀምሱ ነው ያሳለፉህ። እኔ ቀምሼ እስካላሳለፍኩህ ድረስ ሼፍ ብዬ አልጠራህም» አሉ።

የምስክር ወረቀቱ መጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አቶ አስፋው ግን ሰው «ሼፍ» ሲላቸው «ቆይ፣ ብርሃኔ ገና አላለችም» ይሉ ነበር። ከዚያ ዓመት ፋሲካ ጀምሮ በየእሑዱ ያንኑ ሾርባ እየሠሩ ያቀርቡላቸዋል፤ ወ/ሮ ብርሃኔም «ቀጠነ»፣ «ካሮቱ በዛ»፣ «ቁንዶ በርበሬው የት ሄደ?» እያሉ ይመልሱታል። ሠላሳ ዓመት ሳህን ሲመልሱ የኖሩት ሰው በተራቸው ሲመለስባቸው እያየን ሳቅን፤ አሁን ሳስበው እኔስ ከልክ በላይ ስቄአለሁ። ሾርባው በምግብ ቤቱ ይሸጥ ጀመር። ናጅዋም ልጇን ካሚልን አዝላ እየመጣች ሁለት ሁለት ሳህን ትጠጣ ነበር። ወንድሜ ግን የሚጠብቁት የአንድ ሰው ቃል ነበር።

አቶ አስፋው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሦስት ወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። እሑድ ጥር 17 ቀን መቆም አቅቷቸው ወንበር ላይ ሆነው ሊያን እያዘዙ ሾርባውን አሠሩ። ወ/ሮ ብርሃኔ ቀምሰው «ጨው» ብቻ አሉ። እሳቸውም «ለሚቀጥለው እሑድ አስተካክለዋለሁ» ብለው ተኙ። ረቡዕ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ ለእኛም ብርታቱን ይስጠን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለወ/ሮ ብርሃኔ አነበብኩላቸው። የጎደለ ነገር እንዳለ ስጠይቃቸው ብዙ አለቀሱና ይህ እንዲጨመር አዘዙ፦ «ሾርባው ከ2016 ነሐሴ ጀምሮ ጥሩ ነበር። ጥሩ ነው ካልኩት መሥራቱን ይተውብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ሼፍ አስፋው በሉልኝ።»