ስለ መረባችሁ ንጽሕና

ለተከበሩ አቶ ዋጋሪ፣
የሰፈራችን ወንዝ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

በአገሩ ደንብ አስቀድሜ አከም ጅርቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከብቶችዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የመረቡን ጤና አልጠይቅም፤ ከእኔ እንደሚሻል በየወሩ በምትለጥፉት ሪፖርት አነባለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና፣ ሃይላንዱና ፌስታሉ ወደ አንገር፣ ከዚያ ወደ ዲዴሳ፣ በዓባይም በኩል ወደ ባሕር እንዳይሄድ ከድልድዩ ሥር የብረት መረብ ስትዘረጉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ነጥቦችን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ለመረቡ ጠባቂ ስለቀጠራችሁለት አመሰግናለሁ። ኦቦ ቀነአ ትጉህ ሰው ናቸው። መመሪያችሁ «መረቡ ዘወትር ንጹሕ ሆኖ መገኘት አለበት» ስለሚል፣ ቆሻሻ በተጠራቀመ ቁጥር መረቡን በገመድ ወደ ላይ ይስቡና ቆሻሻውን በሥሩ አሳልፈው፣ ሽቦውን በብሩሽ ፈትገው፣ መልሰው ያወርዱታል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ እንደ ቀድሞ ተማሪዎቼ ባርሲሳ ብለው ጠርተውኝ፣ መረቡ ቆሽሾ ቢገኝ የምገሠጸው እኔ ነኝ፣ ሃይላንዱን ማን ይገሥጸዋል አሉኝ።

፪. ያለፉት ሦስት ወራት ሪፖርታችሁ ሁሉ «መረቡ ላይ የተገኘ ፕላስቲክ፦ ዜሮ» ይላል። ነቀምቴ ፕላስቲክ መጠቀም ማቆሟን የሰማሁት ከእናንተ ነው። በሥራ ዘመኔ መልሱን ሁሉ በላጲስ አጥፍቶ ንጹሕ ወረቀት ያስረከበኝ ተማሪ ነበር። እሱም ያገኘው ዜሮ ነው፤ ሪፖርት ግን አልለጠፈም።

፫. ወንዙ ከመረቡ ሁለት መቶ እርምጃ ዝቅ ብሎ የሚታጠፈው በጎረቤቴ በአዴ ድርቤ የድንች ማሳ ጥግ ነው። ኦቦ ቀነአ ያሳለፉት ሁሉ እዚያ ይቆማል። ባለፈው ቅዳሜ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሃይላንድ፣ ስልሳ ሦስት ፌስታልና አንድ የግራ እግር ኮንጎ ጫማ ለቅመናል፤ ቀኙን እየጠበቅን ነው። አዴ ድርቤ ድንች ተክዬ ሃይላንድ በቀለልኝ ይላሉ። ክረምቱ ሲገባ ግን ወንዙ እዚያ ታፍኖ ማሳውን ያጥለቀልቀዋል፤ የልጆቻቸው የዓመት ቀለብ ደግሞ ያ ማሳ ብቻ ነው። ይህን ነጥብ ቀልድ ላደርገው ሞክሬ አልሆነልኝም።

፬. ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ ዝናቡ ሳይጠነክር መረቡ እንዲቆሽሽ ይፈቀድለት። ኦቦ ቀነአም ቆሻሻውን በከረጢት ሰብስበው ባወጡ ቁጥር ይመስገኑ።

እንደ መረባችሁ ንጹሕ፣ እንደ መረባችሁም ሁሉን በሚያሳልፍ ትዕግሥት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ነገራ፣ ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቅዳሜውን ለቀማ በሦስት የማዳበሪያ ከረጢት አድርገን በቢሮዎ በር ላይ አኑረናል፤ ቆጥረው ቢረከቡን ደስ ይለናል። የበሩ ዘበኛም የሠለጠነው በእናንተው መመሪያ ከሆነ፣ በሩን ንጹሕ ለማድረግ ሲል ከረጢቶቹን በጓሮ በኩል እንዳያሳልፋቸው ይንገሩልኝ። ከጓሮው በታች ያለው ወንዙ ነው።