ለአሥራ አንደኛ ክፍል የገዛሁልህ መጻሕፍት

ውድ ኮልተን፣

መቃብርህ ጋ ስመጣ የማወራልህ ስለ አየሩና ስለ አባትህ ወገብ ብቻ ነው። እዚያ ቆሜ ሌላ ነገር ማውራት አልሆንልኝ አለ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ አሰብኩ። ካንተ በኋላ ወንድምህና እህትህ እንዴት እንደተማሩ እስካሁን አልነገርኩህም፤ ማወቅ ያለብህ ይመስለኛል፤ አንተም አለህበትና።

ያ ልጅ ጠመንጃ ይዞ ትምህርት ቤታችሁ የገባ ዕለት አንተ አሥረኛ ክፍል ነበርክ፣ ሌሲ ዘጠነኛ። (ስሙን እዚህ ቤት አንጠራውም።) ኤሜት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ ፖሊስ መጥቶ እስኪያስወጣቸው ድረስ ከጓደኞቹ ጋር ጨለማ የዕቃ ክፍል ውስጥ ታጭቆ ዋለ። እዚያ ውስጥ ሱሪው ላይ ሸንቶ ነበር። ለማንም እንዳልናገር አደራ ብሎኛል። ላንተ ብነግርህ ግን የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ትምህርት ቤቱ ከገና በኋላ ተከፈተ። ደሙ ታጥቦ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ላይ መፈተሻ ቆሞለት። ሌሲ ሄደች፤ ግን ቀኑን ሙሉ የሴቶች ሽንት ቤት ተቀምጣ እንደምትውል ደውለው ነገሩኝ። ኤሜት ከቤትም አላለፈ። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ጫማው ላይ አስታወከ። አባትህ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀለትና ቀና ሳይል፣ “በቃ፣ ሮንዳ” አለኝ። “ቤት ይማሩ።”

“ማን ነው የሚያስተምራቸው?”

“አንቺ ነሻ።”

“ድዌይን፣ እኔ እኮ አልጀብራ ያለፍኩት አስተማሪው አዝኖልኝ ነው።”

“እኔ መች አለፍኩ” አለ፤ የኤሜትን ጫማ ይዞ ወደ ቧንቧው ሄደ።

መጀመሪያ ያገኘሁት በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ነበር። የመረጥኩት ከእኔ ምንም ስለማይጠይቅ ነው። ኮምፒውተሩ ያስተምራል፣ ኮምፒውተሩ ይፈትናል፣ ኮምፒውተሩ ማርክ ይሰጣል። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ እተኛለሁ። ኤሜት በሁሉም ትምህርት መቶ ከመቶ ሲያመጣ ጊዜ፣ “ጎበዝ ልጅ!” ብዬ ለአባትህ ነገርኩት። በኋላ እንደደረስኩበት ጥያቄውን ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ ይጠይቃል፣ መልሱን ገልብጦ ይለጥፋል። አንዲት መስመር አላነበበም። ስቆጣው፣ “አንቺም እኮ ታስመስያለሽ” አለኝ።

ማርጂን ስቱልትስ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። ታስታውሳታለህ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ሰባት ልጆቿን ቤት ያስተማረችው፤ መኪናዋ ሁልጊዜ የተጠበሰ ድንች የሚሸተው። ሳትጠራ መጣች፤ ትሪ ሙሉ በአይብ የተጋገረ ፓስታ ይዛ ገባችና እጅጌዋን ሰብስባ ማጠቢያው ውስጥ የተከመረውን ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

“ሰባት አስመርቄያለሁ፣ ሮንዳ። አንዱ ብቻ ነው ደነዝ፤ እሱም በአባቱ ወጥቶ ነው። እስቲ የምታስተምሪበትን አሳዪኝ።”

አሳየኋት። ኮምፒውተሩን በአንድ ጣቷ ከደነችው።

“ስሚኝ፣ እህቴ። ለሕፃን ልጅ የፈለግሽውን ግዢ፤ ፊደልና ቁጥር የትም አይሄድም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ ግን ጨዋታ የለም። ኤሜት ገና ነው፣ እሱ ብዙ ወረቀት አያስፈልገውም፤ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ሌሲ ግን ነገ ኮሌጅ ፊት ትቆማለች። ሒሳቡ የት ደረሰ? ሳይንሱን በእጇ ሠርታዋለች ወይ? ብለው ነው የሚጠይቋት። የማርኩን ወረቀት የምትጽፊው አንቺ፣ ዲፕሎማውን የምትፈርሚው አንቺ።”

“እኔ?”

“ታዲያ ማን ይፈርም? የግዛቱ ገዥ?”

በበጋው የትምህርት ዕረፍት ኢንዲያናፖሊስ ወደሚደረገው የቤት ትምህርት ኤግዚቢሽን ይዛኝ ሄደች። ያን የሚያህል አዳራሽ ሙሉ መጽሐፍ ነበር፣ ኮልተን። አንዱ ሻጭ፣ “በደማቁ የተጻፈውን ለልጁ ጮክ ብለው ያነቡለታል፣ አለቀ፤ ሊሳሳቱ አይችሉም” ይለኛል። ቀጥሎ ያለችው ደግሞ መጽሐፍ የሚባል ነገር ይቅር፣ ልጁ ደስ ያለውን ተከትሎ ይማር ትላለች። ልጄን ደስ የሚለው ነገር የለም ልላት ፈልጌ ተውኩት። አንድ ጥግ ላይ የተከመሩ የታሪክና የልብ ወለድ መጻሕፍት ነበሩ፤ ደስ ይላሉ፤ ግን ኤሜት በዚያን ጊዜ ከአንድ ገጽ በላይ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ዐይኑ መስመሩ ላይ ሆኖ ልቡ ይጠፋል።

በመጨረሻ አንድ ቦታ ቆምን። በየክፍሉ በካርቶን የታሸገ ነው፤ ሒሳቡ፣ ሳይንሱ፣ ለአስተማሪው መመሪያው፣ የሳይንስ መሥሪያ ዕቃው ሳይቀር። ማርጂን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ “ይሄ ይሻላል፤ ጥብቅ ነው፣ ግን አይዋሽም” አለች። ሻጯ ፈገግ ብላ፣ “ስንት ተማሪ አለዎት?” አለችኝ።

“ሦስት።”

“ስንተኛ ክፍል ናቸው?”

“ሰባተኛ፣ አሥረኛ... አሥራ አንደኛ።”

ከአፌ ወጣ። አላቀድኩትም። ማርጂን አጠገቤ ነበረች። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ሦስተኛውን ካርቶን አንስታ እራሷ ተሸከመችልኝ።

አባትህ ከመኪናው ሲያወርድ ካርቶኑ ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር አይቶ ቆመ። “ይሄ የማን ነው?” አለ። ልጆቹም በር ላይ ቆመው ነበር። አባትህ ገባው። ካርቶኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና አጠገቡ ቁጭ አለ። ሥራ የለመደ እጁ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት የካርቶኑን ጠርዝ ይዳብስ ነበር።

ሌሲ መጥታ ካርቶኑን አነሳችው። “እኔ እማረዋለሁ።”

“አንቺ አሥረኛ ነሽ” አልኳት።

“የአሥረኛውንም እማራለሁ። ለኮልተን የተገዛ ነገር ሳይከፈት አይቀመጥም።”

እንዲህ አድርገን ጀመርን። ክፍልፋይ ቁጥርን እንደገና የተማርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኤሜት ሳይነሳ ወጥ ቤት ተቀምጬ። “እማ፣ ለመሆኑ አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?” ይለኛል። “ካንተ አንድ ገጽ እቀድማለሁ” እለዋለሁ። ያኔ ይስቃል፤ በጣም አጭር ሳቅ፣ እንደ ማስነጠስ ያለ። የታሪኩ መጽሐፍ ጦርነት ላይ ሲደርስ ምዕራፉን ዘለልኩት። ለካ እሱ ተመልሶ አንብቦታል። “እነዚህ እኮ ወታደሮች ናቸው፣ እማ” አለኝ። “ወታደር ሲሄድ ሊሞት እንደሚችል ያውቀዋል።”

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

ያንተ ካርቶን ውስጥ የሳይንሱ ትምህርት የሰው አካል ነበር። በየካቲት ልብ ላይ ደረስን። ለዚያ ምዕራፍ በወፍራም ላስቲክ የታሸገ፣ እንዳይበሰብስ መድኃኒት ውስጥ የተነከረ የበግ ልብ አለ። ሌሲ ላስቲኩን ስትቀደው ሽታው ቤቱን ሞላው። ቀይ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግራጫ ነው። ሌሲ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ስለቱን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ከመመሪያው አነብላታለሁ። ኤሜት ማርጂን ቤት ነበር።

“‘በመጀመሪያ ግራና ቀኙን ለዩ። የግራው ግድግዳ ይወፍራል፤ ደሙን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው እሱ ነው።’”

ሌሲ ሁለቱንም በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ለየች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ “ኮልተን የተመታው የት ጋ ነው?” አለች።

“ሌሲ...”

“ወዲያው ነው ያለፈው፣ አልተሰቃየም ትያላችሁ። ለሁሉም ሰው። ፓስተሩም ቀብሩ ላይ እንደዚሁ አለ።”

“ሐኪሙ ነው እንደዚያ...”

“እማ።” ስለቱን አስቀመጠችው። “ከግድግዳው ወዲህ ያለሁት እኔ ነበርኩ። የስፓኒሽ ክፍል። ድምፁን አውቀዋለሁ። ወዲያው አልነበረም።”

ኮልተን፣ ሐኪሙ እውነቱን ነግሮኝ ነበር። ለአባትህ እንኳ አልነገርኩትም፤ ለሌሲማ ጭራሽ። እሷ እንዳትሰማ ብዬ እኔ ዋጥኩት፤ ለካ እሷም እኔ እንዳልሰማ ብላ ውጣዋለች። በየማታው ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ጨው አቀብዪኝ እየተባባልን።

ተቀመጥኩ። “በግራ ብብቱ ሥር ነው” አልኳት። “ልቡን አላገኘውም። ሳንባውን ነው።”

“ታዲያ ልቡ ይመታ ነበር?”

“አዎ።”

“ደሙ እስኪያልቅ።”

“አዎ፣ የኔ ልጅ።”

አላለቀሰችም። ግራጫውን ልብ በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ነኝ የጠየቅኳት፦ “ምን ሲል ሰማሽ?”

“ይቅርብሽ፣ እማ።”

“ንገሪኝ።”

“አባዬን ነበር የሚጠራው።”

አባትህ ከሚሠራበት የመኖ ፋብሪካ ሲመለስ ዕቃው አልተነሳም ነበር፤ እኛም ከተቀመጥንበት አልተነሳንም። ጠረጴዛውን አየ፣ ፊታችንን አየ። ሌሲ እራሷ ነገረችው፤ ሁሉንም፣ አንድም ሳታስቀር። ሰምቶ ሲጨርስ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ወደ ጎተራው ሲሄድ በመስኮት አየሁት። እኔና ሌሲ ልቡን ቆርጠን ጨረስን፤ ሥዕሉንም ሠራች፤ የየክፍሉንም ስም በየቦታው ጻፈች። ሌላ ምን እናድርግ? የጀመርነው ትምህርት ነው።

አባትህ ተመልሶ ገባና እጁን ታጠበ። ጀርባውን እንደሰጠን፣ ውኃው እየወረደ፣ “ሌሲ” አላት፤ “እንዴት ብሎ ነው የጠራኝ? ‘አባ’ ነው ያለው ወይስ ‘አባዬ’?”

“‘አባዬ’ ነው ያለው።”

“ከስምንት ዓመቱ ወዲህ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም” አለ፤ ቧንቧውንም አልዘጋውም። ሄጄ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ቀለለን ብዬ አልዋሽህም። አልቀለለንም። አባትህ ብዙ ሌሊት አይተኛም፤ ቤተ ክርስቲያንም መሄድ ትቷል። ግን እዚህ ቤት አሁን ማንም ለማንም አያስመስልም። ሌሲ የአሥረኛውንም ያንተንም ጨረሰች። የሰው አካል ላይ ያገኘችውን ማርክ እኔ ነኝ የጻፍኩላት፤ የሚገባትን ነው የጻፍኩት፣ አልጨመርኩላትም። ስትጨርስ፣ “ቀጣዩን ኬሚስትሪ እዚህ አልማረውም” አለችኝ።

“ለምን? ማርጂን ጥሩ መጽሐፍ አለ ብላለች።”

“ኬሚስትሪ በላስቲክ ታሽጎ አይመጣም፣ እማ። ላቦራቶሪ ያስፈልገኛል። ሰው ያለበት።”

የአካባቢው ኮሌጅ ቤት የሚማሩ ልጆችን ለአንዳንድ ትምህርት ይቀበላል። እኔ በሠራሁት የማርክ ወረቀት፣ በእኔ ፊርማ ተቀበሏት። ትናንት የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ሳደርሳት ሕንጻው ውስጥ የሚገባው ልጅ ብዛት፣ ቦርሳው ብዛት... እያንዳንዱን ቦርሳ አየሁት፣ ኮልተን። እያንዳንዱን። “ሂጂ፣ እማ፣ ወደ ቤት ሂጂ” አለችኝ። እሺ አልኳት፤ መኪናውን ሕንጻው ጀርባ አቁሜ ተቀመጥኩ።

ስትወጣ አየችኝ። አልተቆጣችም። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። መጠየቅ ፈርቼ መኪናውን አስነሳሁ። አውራ ጎዳናው ላይ ከወጣን በኋላ ነው የተናገረችው።

“አስተማሪው እያንቀላፋ የሚያስተምር ነው የሚመስለው።”

“ያን ያህል?”

“ወንበር የመረጥኩት በሩን ለማየት ነበር። ከገባሁ ጀምሮ በሩን ነው የማየው። ከዚያ ስለ ጨው አንድ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፈ፣ ስህተት መሰለኝ፣ ማስላት ጀመርኩ...” ወደ መስኮቱ ዞረች። “በሩን ረሳሁት፣ እማ። ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።”

መንገዱ ዳር አቁሜ አለቀስኩ። እሷ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች፣ “ኧረ በቃ፣ የጭነት መኪና ይገጨናል” ትለኛለች።

ኤሜት ግን እንዳለ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያንተ ክፍል ነው የሚተኛው፤ ከማርጂን ቤት በቀር የትም አይሄድም። ለስምንተኛ ክፍል የሚማርበትን አብረን እንምረጥ ብዬ ስጠይቀው፣ “ምንም አትግዢልኝ” ይለኛል። አላስገድደውም፤ አልተወውምም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሌሲ ያንተን የልብ ምዕራፍ ከፍታ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። የምትለው አልተሰማኝም። እሱ ግን አልተነሳም።

በዚህ ላብቃ፣ ልጄ። አባትህ በስምህ ደጋግሞ ይጠራሃል፤ ከጎተራው ይሰማኛል። ትመልስለት እንደሁ አላውቅም፤ ከቻልክ ግን መልስለት።

የማትረሳህ እናትህ፣
ሮንዳ