አርባ አንደኛው ቀርከሃ

እንጅባራ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣ ግምጃ ቤት

እማ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ከፋሲካ ወዲህ ዳገት ላይ ይይዘኛል ያልሽው ለቀቀሽ? ላሟ ወለደች? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። እንቅልፌን ግን አትጠይቂኝ።

ስልኬን ካላነሳሽ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ኔትወርክ ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ቆየሁ። ትናንት ጎረቤቴ እታለማሁ ከአንቺ ጋር በስልክ ስታወራ እንዳመሸች ስትነግረኝ ያ ማታለያ አለቀ። ስለዚህ ጻፍኩ። እሷ ነገ ወደዚያ ለገበያ ስትመጣ ታደርስልሻለች። መሠረተ ትምህርት የተማርሽውን ፊደል እንዳልረሳሽ አውቃለሁ። ለማንም አታስነብቢው። ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው።

አክስቴ ሸጋ የነገረችሽ እውነት ነው። ይኸነው ቀርከሃ ይዞ መጥቷል። እኔም አልመለስኩትም። «ቀርከሃውን ካልነቀለች እግሬ እዚያ አይደርስም፣ ልጄም አይደለችም» ያልሽው ደርሶኛል። በአገውኛ የጨመርሽውንም ነግራኛለች። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ።

የምሠራውን መሣሪያ ታውቂዋለሽ፤ «የአጥር ዘፈን» ብለሽ የሳቅሽበት ነው። እያንዳንዱ ቤት ከጓሮው አንድ ቀርከሃ ቆርጦ ያመጣል። እኔ ከአሮጌ መጫወቻና ከተበላሸ ሰዓት ያወጣኋትን ስስ የብረት ክብ በአንጓው ውስጥ እለጥፋለሁ። ከእሷ የሚወጣው ሽቦ ወደ ሠራሁት ሣጥን ይሄዳል። ቀርከሃውን በጣትሽ ብትነኪው፣ በመዳፍሽ ብታሺው፣ ብትተነፍሺበትም እንኳ ሣጥኑ ድምፁን ይዞ ያቆየዋል፣ ያወፍረዋል፣ ዘግይቶ በስፒከር ይመልሰዋል። ዘፋኝ የለውም። የሚጫወተው ሰፈሩ ሁሉ ነው። የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ ይሰማል።

አርባ ቀርከሃ ብቻዬን አልችልም። ደቦ ጠራሁ። ቀርከሃ ያለው ሁሉ ይምጣ አልኩ፤ ስም አልጠራሁም። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ይህ ነው። ለደቦ የመጣ እጅ እንደማይመለስ ግን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

አያ አበረ ጉድጓድ እያስቆፈረ ይቀልዳል። ወንበርና ቅርጫት ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ጮኾበት የማያውቅ ቀርከሃ አሁን እኔ ዘንድ መጥቶ አፍ ሊያወጣ ነው አለ። እትዬ ወርቅአየሁ ተቀበለችውና፣ አፍ ካወጣማ መጀመሪያ የሚያማው አንተን ነው፤ ስንቱን ሰነጠቅኸው አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ይኸነው በጥሊሊ መንገድ በኩል ብቅ አለ። ቀርከሃ በትከሻው።

አክስቴ ሸጋ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

አያ አበረ ግን ቀና ሳይል፣ «የቆፈርነው ለአርባ ነው፤ አርባ አንደኛውን ራስህ ቆፍር» አለው።

ቆፈረ።

ሽቦ ላያይዝለት ስልክ ወደምጠግንበት ሱቄ ይዤው ገባሁ። ጥግ ላይ ያለውን ትልቁን ስፒከር አየ። ጠርዙ የተጨፈለቀውን። ቆሞ አየው። ከዚያ፣ «ይሠራል?» አለኝ። ይሠራል አልኩት። ስለዚያ ስፒከር አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ምንም አልተናገረም።

አሁን አንድ ደንበኛ ስልክ ሊያሠራ ገብቶ አቋረጠኝ። ሄደ። እቀጥላለሁ። ካላቆምኩ እጨርሳለሁ።

ስለዚያ ግንቦት። የምታውቂው ይህን ነው፤ ከዳንግላ ሲመለሱ ይኸነው ሞተሩን ይነዳ ነበር፣ ወንድሜ ክንዴ ከኋላው ተቀምጦ ነበር፣ ተገለበጡ፣ ክንዴ ሞተ፣ ነጂው ተረፈ። ክንዴ ምን ታቅፎ እንደነበር ግን ማንም አልነገረሽም። ያን ጠርዙ የተጨፈለቀ ስፒከር በሁለት እጁ ታቅፎት ስለነበር ነጂውን የሚይዝበት እጅ አልነበረውም።

ይኸነው ዝናቡ እስኪያባራ መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ እንቆይ ብሎ ነበር። ይህን ለሽማግሎቹ አልነገራቸውም። ሁለት ጊዜ ደጅሽ መጡ፣ ሁለት ጊዜ መለስሻቸው። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ጓዳ ነበርኩ። አንዱ ሽማግሌ፣ ልጁ ቸኩሎ ነው፣ ወጣት ነው ሲል ሰማሁት። ማን እንዳቸኮለው አልጠየቅሽም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክንዴ ሦስት ጊዜ ስልክ አነሳ። ሦስቱንም ጊዜ የደወለው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ለማግስቱ ሠርግ ድምፅ ማጉያ አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር።

ያኔ የነበረኝን ስልክ አልጣልኩትም። ወደ እሱ የደወልኳቸው ሦስቱም ጥሪዎች፣ ከነሰዓታቸው፣ እስካሁን አሉበት።

ስለዚህ አልነቅለውም፣ እማ። በእልህ አይደለም። ቢነቀል የሚነቀለው ትክክለኛው ሰው አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሞከርነው። አርባ አንድ ሰው፣ አርባ አንድ መዳፍ። የክንዴን ድምፅ ሰማንበት የሚል ሰው ቢመጣብሽ አትመኚው። ቀርከሃ ነው፣ የቀርከሃ ድምፅ ነው ያለው። እኔ የሰማሁት ሰዎች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሲነካ ነው። ይኸነው ሁልጊዜ መጨረሻ ይነካል። ሁሉም እስኪጨርስ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ሣጥኑን ማስተካከል አቅቶኝ ወጣሁ።

እሁድ እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ከምንም በላይ እፈልጋለሁ። ሳታውቂ እንድትመጪ ግን አልፈልግም። እሱን እየጠላሽ እኔን እንድትስሚ አልፈልግም።

ዓርብ ግምጃ ቤት እመጣለሁ። ሽማግሌ አላስከትልም። ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ ደጅሽ የተንበረከከ ሰው ታያለሽ፤ ይኸነው አይሆንም። ድንጋዩን ማውረድም አለማውረድም የአንቺ ነው። እስክትወጪ ግን አልነሳም።

እግዚአብሔር ደጅሽን ሰላም ያድርገው። ዝናቡን በልክ ይስጥሽ። የክንዴን ነፍስ በቀኙ ያኑርልን። ለእኔ የምትመርቂውን ካነበብሽ በኋላ ወስኚ።

ልጅሽ፣
የክንዴ ታላቅ እህት