ማንም ያልተሳፈረበት ማክሰኞ

ለክቡር አቶ ስታኒሚር ቫርባኖቭ
የወረዳው የሕዝብ ትራንስፖርት ዕቅድ ኃላፊ
ካሜንግራድ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ደብዳቤ ቢሮዎ ሞቆ፣ መኪናዎ በጠዋት ሳያስቸግር ተነሥቶ፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት ላይ ሆኖ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። በጋዜጣ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ሳይቀሩ አልቀሩም፤ እነሱም የሚሄዱት በአውቶቡስ ነበር።

አንደኛ፣ ከካሜንግራድ ተነሥቶ በእኛ መንደር በዶልኖ ብሬስቴ በኩል ወደ ዛሌስክ ይሄድ የነበረው የጠዋት አውቶቡስ የቀረው በዘፈቀደ ሳይሆን በጥናት መሆኑን ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ጥናቱን በዓይናችን አይተነዋል። ባለሙያዎ በመጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ፌርማታችን ላይ ከማለዳ እስከ ቀትር ተቀምጦ ተሳፋሪ ሲቆጥር ዋለ። በዚያ ቀን ሽማግሌው ዲንኮ ይቀበሩ ነበርና ከተማ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ፎቶግራፋቸው ያለበት የሞት ማስታወቂያ፣ እንደ ልማዳችን፣ ባለሙያዎ በተደገፈው የፌርማታው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ባለሱቋ ፔንካ ከሐዘን ቤት ስትወጣ አይታው፣ ስኳር የተነሰነሰበት ንፍሮ በወረቀት ኩባያ ሰጠችውና «ልጄ፣ ዛሬማ ማንን ትቆጥራለህ? ሰዉ ሁሉ ቀብር ላይ ነው» አለችው።

«እማማ፣ የታዘዝኩት ተሳፋሪ እንድቆጥር ነው፤ ለቀስተኛ አይደለም።»

«እንግዲያው ነገ ና። ዲንኮ ይቀራሉ እንጂ ሌሎቻችን እንሳፈራለን።»

ሳቀ፤ ነገ ሌላ መንደር ነበረበት። ንፍሮውን ጨርሶ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ ዜሮ ጻፈ። አስተዳደጉ ጥሩ ነው፤ ለወላጆቹ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ሁለተኛ፣ የባለቤቴ የዝላትካ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ዛሌስክ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማሽን ካልታጠበ አትኖርም። የተዉልን አንድ አውቶቡስ የሚያልፈው ከሰዓት በኋላ፣ ተራዋ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ለቢሮዎ በስልክ ባስረዳ፣ ያነጋገረችኝ ወጣት በትሕትና አዳምጣኝ «ጋሼ፣ ሆስፒታሉ ሰዓቱን ከአውቶቡሱ ጋር እንዲያስተካክል ለምን አይጠይቁም?» አለችኝ። ጠየቅሁ። ነርሷ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ነበር። የከሰዓት በኋላዎቹ አልጋዎች በሙሉ ተይዘዋል፤ አንዱ እንዲለቀቅ ምን መሆን እንዳለበት ለዝላትካ አልነገርኳትም።

ሦስተኛው አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ነዋሪው «በራሱ አማራጭ» እንዲጠቀም በመከሩን መሠረት፣ ጎረቤቴ ሚልኮ በማገዶ መጫኛ መኪናው ሲያመላልሳት ከረመ። «ቀስ በል፣ ማገዶ አይደለሁም» ስትለው፣ «ማገዶ ብትሆኚማ ይከፈለኝ ነበር፣ እታለም» ይላት ነበር። ባለፈው ወር መኪናው ተበላሸ፤ እስካሁንም አልተጠገነም። ሰኞ ቀረች። ረቡዕም ቀረች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፤ ስትተኛ ትንፋሽ ስላጠራት ወንበር ላይ ተቀምጣ አነጋች። አምቡላንስ ለቀጠሮ አይመጣም፤ ሰው ሊሞት ሲል ግን ይመጣልና ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ወሰዳት። ይህንንም አማራጭ ስላሳዩን እናመሰግናለን።

አሁን ነፍሷ መለስ ብሏል። ሐኪሙ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስወጣት አስቧል፤ ነገር ግን መመላለሻ ሳይኖራት ቤቷ ብትገባ ሳምንት እንደማትቆይ በግልጽ ነግሮኛል። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፣ የጠዋቱ አውቶቡስ እሷ ከመውጣቷ በፊት እንዲመለስ ነው። ጥናት የሚያስፈልግ ከሆነ በማንኛውም ሰኞ ይምጡ፤ ቢያንስ አንዲት ሴትና ባሏ ፌርማታው ላይ ቆመው ያገኛሉ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር መንገድ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ትዕግሥተኛ ተሳፋሪዎ
ራሽኮ ዴልቼቭ
ዶልኖ ብሬስቴ

ማስታወሻ፦ የተዉልን አውቶቡስ ዛሌስክ የሚደርሰው የሆስፒታሉ የጠያቂ ሰዓት ካበቃ በኋላ ነው፤ ወዲያው ዞሮም ይመለሳል። ቢሆንም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ መስኮቷን ለማየት የሚበቃ ጊዜ ስላልነፈጉኝ አመሰግናለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ትናንት አንድ ሰው ከዚያ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እሷ ትሁን ሌላ በሽተኛ መለየት አልቻልኩም። ሹፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ እኔም አወዛወዝኩ።