ፈተና አዳራሽ ውስጥ ደቦ የለም

ሶዶ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ውድ ቶማ፣

እንዴት ከርመሃል? ዛሬ በአማርኛ ልጽፍልህ ነው፤ አትቆጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እንግሊዝኛሽ እንዳይጠፋብሽ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ» ስትለኝ ጻፍኩልህ። አንተም ዓይንህን በጨው አጥበህ ደብዳቤዎቼን በቀይ እስክሪብቶ እያረምክ መለስክልኝ። መስከረም ላይ እንደናፈቅኸኝ ብጽፍልህ፣ ወይ ጉድ፣ «ይህ ቃል አጻጻፉ ተሳስቷል» ብለህ ከሥሩ አሰመርክበት። ይቺ ደብዳቤ ግን እንድትታረም አልፈልግም።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። የኮሌጅ አስተማሪህ ስለማትረሱት ሰው ጻፉ ብለዋችኋል። ስለ እናትህ የተጻፈችው ድርሰት ያለችበትን ደብተር ላኪልኝ፣ «አንቺ ጋ ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ» ትላለህ። እንደ ቀልድ የጻፍካት መሆንህን አውቃለሁ፤ አንጀቴን ግን አቃጠለችው። ያቺ ድርሰት እኔ ጋ ሥራ ፈትታ አታውቅም፣ ቶማ። እስቲ ሁሉንም ልንገርህ፤ ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር ነው።

ማትሪክ ለመፈተን ስንዘጋጅ የተማርነውን የክረምት ትምህርት መቼም አልረሳኸውም። ስድስት ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። መምህር ሰብስቤ ገና በመጀመሪያው ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሕጋቸውን ጻፉ። «ከእኔ በኋላ የሚገባ ተማሪ የለም። አማርኛም ወላይትኛም ዝናብ ከተከለላችሁበት የእንሰት ቅጠል ጋር ደጅ ይቀራሉ። በየሳምንቱ አንድ ኮምፖዚሽን ትጽፋላችሁ፤ የየራሳችሁን። ሁለት ወረቀት ከተመሳሰለ ሁለቱም ዜሮ!»

ስንወጣ ቦሼ፣ ያ ሳቂታው ልጅ፣ «ብቻዬን ልጽፍ? ምን አጥፍቼ?» አለ። እውነቱን ነበር። በእኛ አገር ማሳውን ብቻውን የሚቆፍር ሰው ከጎረቤት የተጣላ ነው። ያኔ አንተ፣ ከቤሌ የመጣኸው የገበሬ ልጅ፣ «ታዲያ ደቦ እንውጣ» አልክ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበን የባለተራውን ድርሰት አብረን እንጽፋለን፤ ባለተራው ስኳር ድንች ቀቅሎ ያበላል፤ ሌላው የዚያን ሳምንት የራሱን እንደምንም ይሞነጫጭራል። ቦሼ በድንች የተሞላ አፉን ይዞ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲል ትዝ ይልሃል? ማታለል መሆኑ ለአንዳችንም አልታየንም።

ያንተ ተራ የደረሰው እኛ ቤት ነበር። ርእሱ «ባለውለታዬ» የሚል ነው። እኛ እንጠይቃለን፣ አንተ ድንች ትልጣለህ። ሌሎቹ ሰልችቷቸው ሄዱ። ከዚያ ዝናቡን እያየህ በወላይትኛ ጀመርክ። እናትህ ፊደል አይቆጥሩም ነበር፤ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥጣቸውን እየፈተሉ ደብተርህን ጮክ ብለህ እንድታነብላቸው ያደርጉህ ነበር። እንግሊዝኛውን ስታነብ ድምፅህ ትንሽ ሲያመነታ፣ «እዚያ ጋ አላወቅኸውም፤ ድገመው» ይሉሃል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስትፈተን እሳቸው ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ «ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት» ብለው ሁሉንም አስማሉ። ጨርሰህ ስትደርስ አርፈዋል።

አንተ ትናገራለህ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ያቺን አንድ ገጽ ተኩል ለመጻፍ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ይኼ የሚሲዮን ልጅ ምን ሆኖ ነው ቤቴ የሚያለቅሰው?» አለች። «እናቱን እየጻፍን ነው» አልኳት። «እሱንም እናቱንም ማርያም ታስባቸው» ብላ ገባች። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ሰው ቀርቤ አላውቅም።

ከዚያ ጉዱ ፈላ። የቦሼ ተራ በደረሰ ሳምንት ለእሱ ያወጣነው ያማረ መግቢያ ሁላችንንም ስለጣመን፣ ስድስታችንም በእሱ ጀምረን ሰጠን። መምህር ሰብስቤ ስድስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ «የማን ነው ይኼ?» አሉ። አንተ ብድግ ብለህ በንጹሕ ልብ፣ «የሁላችንም ነው፣ ጌታዬ። ተራው የቦሼ ነበር» አልካቸው። እሳቸው መጀመሪያ ሳቅ አፈናቸው፤ ከዚያ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። «ፈተና አዳራሽ ውስጥ ደቦ የለም! እዚያ ሰው ብቻውን ነው! ሁለት ወረቀት ከተመሳሰለ የሁለታችሁንም ይሰርዙታል፣ ገባችሁ?»

ገብቶኝ ነበር። በደንብ ገብቶኝ ነበር።

የማትሪክ እንግሊዝኛ ዕለት ወረቀቱን ስገልጥ «የማይረሳህን ሰው ግለጽ» ይላል። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ያቺን ድርሰት እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ አውቃታለሁ፤ ቃሉ የእኔ ነዋ! ብዕሬን አነሳሁ። ቀና ስል አንተ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፈህ ተቀምጠህ ዓይንህን በእጅጌህ ስትጠርግ አየሁህ። እናትህን እየጻፍክ መሆንህን አወቅሁ። ቃሉ የእኔ ነው፤ እናት ግን ያንተ ናቸው።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ስለ እማዬ ልጽፍ ሞከርኩ፤ ያንተ እናት ጥጥ ይዘው እየመጡ ፊቴ ይቀመጣሉ። ደወሉ ሲመታ ግማሽ ገጽ ነበረኝ። በሌላው ሁሉ አልፌ በእንግሊዝኛ ወደቅሁ፤ ያለ እንግሊዝኛ ደግሞ ኮሌጅ የለም። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አውቶቡሱ በር ላይ፣ «ምን ነካሽ? አንቺ እኮ ከሁላችን ትበልጪ ነበር» ስትለኝ፣ «ራሴን አሞኝ ነበር» አልኩህ። ዋሸሁህ። እውነቱን ብነግርህ ያን አውቶቡስ አትሳፈርም ነበር፤ አውቅሃለሁ።

ቂም እንዳይመስልህ። አንዳንድ ቀን ግን ተናድጄብሃለሁ፤ ይህን አልደብቅህም። አንደኛ ክፍል ፊደል እያስቆጠርኩ፣ በመስኮት የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሲወጣ ስሰማ ጠመኔዬን አስቀምጬ አዳምጠዋለሁ። እሱ ነው በእኔ ቃል ያለፈው እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ራሴን እታዘበዋለሁ፤ ማን ስጪው አለኝ?

የሚመጣው ሰኞ እንደገና እፈተናለሁ። ዓመቱን ሙሉ ለብቻዬ ድርሰት ተለማመድኩ። እልፍ ብጽፍም፣ ሲጨንቀኝ ያንን ደብተር ገልጬ ያቺኑ ድርሰት እደግማለሁ፤ አሁን አንተ አዳራሹ ውስጥ የለህም፣ ብጽፋት ማንም አይሰርዝብኝም። ዘንድሮ እሷን ይዤ ልገባ ቆርጬም ነበር። ደብዳቤህ የደረሰኝ እንግዲህ ያኔ ነው።

ደብተሩን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። እናትህ ናቸው፤ ውሰዳቸው። ለአስተማሪህም ማን እንደጻፈው ንገራቸው፤ ወይም ተቀመጥና እንደገና በራስህ ቃል ጻፋቸው። ትችላለህ።

እኔ ሰኞ ባዶ እጄን ነው የምገባው። ደግሞ የማይረሳኝን ሰው ቢጠይቁኝ ስለማን እንደምጽፍ አሁን አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እጄ አንድም ጊዜ አልቆመም። ነገሩን ከአንተ በፊት አዲስ አበባ ያለ የማላውቀው አራሚ እንዲያነበው ግን ደስ አላለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ አንተ ስማው። እወድሃለሁ፣ ቶማ።

አሳየሽ