የጭራቁ ሁለተኛ ክፍል

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ልጄ ዮናስ ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ መርዶው ብቻ መጣ። ነገ ለነፍስ አባታችን የተዝካሩን ቀን መንገር አለብኝ። ልቤ አልረጋ ሲል እህቱ ሰላም እሱ ይወደው የነበረውን ጥቁርና ነጭ የጭራቅ ፊልም ከፈተችልኝ፤ ሁለተኛውን ክፍል።

«ይሄ ጭራቅ በመጀመሪያው ክፍል ገደል ገብቶ ሞቶ የለ እንዴ?» አልኳት።

«አደይ ደግሞ! ሬሳው መቼ ተገኘ?» ብላ በእኔ በእናቷ ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ጭራቁ እየተንገዳገደ ወደ መንደሩ ሲመለስ ሰው ሁሉ ይሸሻል። ፊልሙ እዚህ ጋ ሲደርስ ዮናስ ያጨበጭብ ነበር። ሰው ይህን አሮጌ ፊልም ለምን እንደማይሰለቸው ዛሬ ገባኝ።

ብድግ ብዬ በሩን ከፈትኩ። ውጪውን አይቼ ተመለስኩ።

የተዝካሩን ቀን አልቆረጥኩም። በሩንም አልዘጋሁትም።