ያልታረመው ዮናስ

ጥር 4

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ በይጁቤ በኩል የኔታ ቤት ገባሁ። ከመኪና ከወረዱ በኋላ ያለው መንገድ ድንጋይ ብቻ። ላፕቶፑን ጋቢዬ ውስጥ ሸጉጬ እንደ ሕፃን አዝዬው መጣሁ። ርካሽ ነው፣ አሮጌ ነው... ግን መጽሐፍ ቅዱሱ ከነግእዙ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። የጫነልኝ ምናለ ነው፣ ማርቆስ ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛዬ። "የፈለግከው ገደል ይዘኸው ግባ፣ ዳታ አይጠይቅህም" ብሎኛል።

የኔታ ኃይለ ሚካኤል ተዳክመዋል። የዮናስን ትርጓሜ በቃል ይነግሩኛል፣ እኔ እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ከየጥቅሱ ሥር እጽፋለሁ። ከመምህራቸው የሰሙት ነው፤ በመጽሐፍ የለም። ሌላ ተማሪ አልቀረላቸውም፣ ሁሉም ተበትኗል። እሳቸው ካለፉ... ተወው፣ አላስበውም።

ጥር 9

ዛሬ ስጽፍ ቆይተው "ነቢያቱ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው?" አሉኝ።

"አዎ የኔታ።"

"ያን ሁሉ ውጦ ሆዱ አልተነፋም?"

ሣቅሁ። እሳቸውም ሣቁ፣ ሳል ግን አቋረጣቸው።

ጥር 15

ዮናስ አለቀ። "ነገ አንብብልኝ፣ አርሜ እሰጥሃለሁ" አሉ። እሳቸው ዘንድ ያልታረመ አይነገርም። ተማሪ ፊታቸው ያነባል። ስሕተት ሲሰሙ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ያቆሙትና የቀናውን ይነግሩታል። ያን ጊዜ ነው አስተምር የሚባለው። ለነነዌ ጾም ማርቆስ ላይ የማስተምረው ይህንኑ ነው። እንቅልፍም አይወስደኝ።

ጥር 16

ባትሪው ሙጥጥ ብሎ አድሮ ወፍጮ ቤት ወስጄ ቻርጅ ሰካሁት። ሲነሣ ቀኑን ረስቷል፣ ሙላ አለኝ። ዓመት በሚለው ላይ 2017 ብዬ ሞላሁ። ሌላ ምን ልሙላ?

ፕሮግራሙን ስነካው "ቀኑ ትክክል አይደለም፣ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙ" ብሎ ተዘጋ። ለካ እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ነው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለስኩት፣ የአገልግሎት ጊዜውን ላጭበረብረው የፈለግኩ መሰለው። ወደ ፈረንጁ አስተካከልኩለት። እንቢ አለ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ለመንኩት። እንቢ።

አይ እኔ... ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ?

ጥር 17

"አምጣ እንግዲህ፣ አንብበው" አሉ የኔታ።

"አልከፈት አለኝ የኔታ።"

"በቃልህ በለዋ።"

ጀመርኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ተንገዳገድኩ፣ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ጠፋኝ። ተጽፏል ብዬ ልቤን አሳርፌው ነበራ። "እንግዲህ ሲከፈት ታነብልኛለህ፣ እንደገና ለመናገር ደክሞኛል" አሉ የኔታ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 18

ይጁቤ ወረድኩ። ዳታ የለም። የማርቆስ መንገድ ተዘግቷል አሉ። እስከ መቼ? የሚያውቅ የለም። ምናለን በስልክ አገኘሁት፣ ድምፁ ይቆራረጣል። "ኔትወርክ ካላገኘ እኔም ምንም ላደርግልህ አልችል። ግን አይዞህ፣ ጽሑፉ አልጠፋም፣ ውስጡ አለ።" ውስጡ መኖሩንማ እኔስ መች አጣሁት!

ጥር 21

መንገዱ አልተከፈተም።

ጥር 24

ዘሪቱ፣ የየኔታ ልጅ፣ ጠዋት ውኃ ልትሰጣቸው ገብታ ስትጮህ ሰማሁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። አፋቸው ተይዟል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ልጅ "ስትሮክ ነው፣ ማርቆስ ሆስፒታል አድርሷቸው" አለ። በየት በኩል? ጠበል አመጣንላቸው።

ይሰማሉ። ስናወራ ዓይናቸው ይከተለናል። ቃል ግን የለም።

ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ጥር 29

መንገድ ተከፈተ። የኔታን ይዘናቸው እንሂድ ብንል ግራ እጃቸው የአልጋውን ቋሚ ጨብጦ አልለቅ አለ። ዘሪቱ "ከቤቴ አልወጣም ማለታቸው ነው" አለች። ብቻዬን በጭነት መኪና ሄድኩ። ምናለ ከሚያውቀው ሰው ቢሮ ዋይፋይ አገናኘልኝና ወዲያው ተከፈተ። አንድ ፊደል አልጎደለም። "አላልኩህም?" ብሎ ሣቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ... የኔታ መታመማቸውን አልነገርኩትም።

የካቲት 1

ዘሪቱ ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። አነበብኩላቸው። አንደኛው ምዕራፍ አለፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ደስ አለኝ፣ እውነት ለመናገር።

አራተኛው ላይ፣ የዮናስ ቅል የደረቀችበት ጋ ስደርስ፣ ግራ እጃቸው ተነሣ።

አቆምኩ። መልሼ አነበብኩ። ያው ቦታ ላይ ተነሣ።

"የዘለልኩት አለ የኔታ?" እጃቸው አልወረደም። "ከራሴ ጨመርኩ?" አልወረደም። "ምሳሌው ነው? ምሥጢሩ ነው?" የማውቀውን ሁሉ እየቀያየርኩ አልኩላቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ። መጨረሻ ላይ እንባቸው ወረደ።

"በቃ ተዋቸው፣ ዲያቆን" አለችኝ ዘሪቱ። ዘጋሁት።

የካቲት 5

የነነዌ ጾም። ማርቆስ። ሰው ሞልቷል። ያለፉልኝን ሦስቱን ምዕራፎች አስተማርኩ። ቅሏ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

"ከዚያስ፣ ልጄ?" አሉኝ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሽማግሌ።

"እዚህ ላይ የጻፍኩት ስሕተት ነው አባቴ። የትኛው ቃል እንደሆነ ግን አላውቅም።"

"መምህርህን አትጠይቅም?"

በዚሁ ጉባኤውን ዘጋሁ።

አሁን ቤት ነኝ፣ ጽሑፉ ቅሏ ጋ ተከፍቶ ፊቴ አለ። ላጥፋው? ልክ የሆነውንም አብሬ ባጠፋውስ። ልተወው? ያላሉትን በስማቸው ላኖር ነው። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ቆየሁ... መልሼ አነሣሁት።

ከጥቅሱ ሥር ጻፍኩ፦ "እዚህ ላይ የኔታ እጃቸውን አንሥተዋል።"